ጀማሪ ሰው ኮምፒውተር ገጣጥሞ ለመጨረስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?

ቁርጥ ያለውን መልስ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዕቃው በሙሉ ተገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ካለ፣ የኮምፒውተር ውስጥ ነክቶ የማያውቅ ሰው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ገጥሞ ይጨርሳል። ዊንዶውስ ተጭኖ፣ ድራይቨር (ዊንዶውስ ዕቃዎቹን እንዲያውቅ የሚያደርገው ፕሮግራም) ገብቶ ለሥራ ዝግጁ እስኪሆን ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን ያዙለት። «ራሴ ልገጣጥም» ብሎ ከወሰነበት ቀን ጀምሮ ከተቆጠረ ግን ሳምንታት ይሄዳል።

ሰዎች በዚህ ጉዳይ የተለያየ ቁጥር የሚናገሩት ቆጠራውን የሚጀምሩበት ቦታ ስለሚለያይ ነው። አንዱ «በአንድ ሰዓት ጨረስኩት» ይላችኋል። እሱ የቆጠረው ብሎን ያሰረበትን ጊዜ ብቻ ነው፤ ምናልባትም ከዚያ በፊት ብዙ ገጥሟል። ሌላው «ሦስት ቀን ፈጀብኝ» ይላል። እሱ ደግሞ ስክሪኑ አልበራ ብሎት የተጨነቀበትንም ደምሮ ነው። ሁለቱም አልዋሹም።

እኔ ለጀማሪ የምለው አንድ ነገር አለ። የእጅ ሥራው ትንሽ ነው። ጊዜ የሚፈጀው መምረጥና ማጣራት ነው። ሰው የሚቸኩለው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ከታች የምዘረዝረው ጊዜው በትክክል የት የት እንደሚሄድ፣ የትኛው ሰዓት ሊቀነስ እንደሚችልና የትኛው ፈጽሞ መቀነስ እንደሌለበት ነው።

ድሮ እንዲህ ቀላል አልነበረም

እ.ኤ.አ. በ1975 አልቴይር 8800 የተባለው ኮምፒውተር ሲወጣ ብዙ ገዢዎች ያልተገጣጠመውን ነበር የገዙት። ሰሌዳው ለብቻ፣ ትንንሾቹ ክፍሎች ለብቻ ይመጣሉ። ገዢው እያንዳንዷን በብየዳ ማያያዝ ነበረበት። አንዷ ብየዳ ካልያዘች ማሽኑ አይነሳም። ያ ሥራ ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ ሰው ይፈልግ ነበር።

ነገሩን የቀየሩት ሁለት ውሳኔዎች ናቸው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ የተጠቀመው በአብዛኛው ከሌሎች አምራቾች የተገዙ ክፍሎችን ነበር። የውስጥ አሠራሩንም በሰነድ አሳተመ። ስለዚህ ሌሎች ድርጅቶች ለዚያ ማሽን የሚሆን ካርድ መሥራት ጀመሩ፣ ቆየት ብሎም ማሽኑን ራሱን ተመሳሳይ አድርገው ሠሩት። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንቴል ኤቲኤክስ የሚባለውን ደረጃ አወጣ። ማዘርቦርድ (ሌሎቹ ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ምን ያህል ስፋት እንዳለው፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ የት እንደሚሆኑ፣ የፓወር ሳፕላይ (ለክፍሎቹ ኮረንቲ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ገመድ ምን ቅርጽ እንደሚኖረው ተወሰነ። ዛሬ አንድ ድርጅት የሠራው ማዘርቦርድ ሌላ ድርጅት በሠራው ኬዝ (ሁሉም የሚታሰርበት የውጭ ሳጥን) ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባው ለዚህ ነው። ብየዳ የለም። መቁረጥ የለም። አንድ ባለመስቀል ካቻቪቴ ከሞላ ጎደል ለሁሉም ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ ነፃነት የሚሠራው በየክፍሉ ለሚሸጡ ዕቃዎች ነው። አገራችን ውስጥ በብዛት የሚገኙት ያገለገሉ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ዴስክቶፖች አብዛኞቹ የራሳቸው ቅርጽ ያለው ማዘርቦርድና ፓወር ሳፕላይ ነው ያላቸው። ራም (ማሽኑ በሥራ ላይ ሳለ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ልትጨምሩባቸው፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (ፈጣን በሆነው ማከማቻ) ልትቀይሩ ትችላላችሁ። ማዘርቦርዱን አውጥታችሁ ሌላ ኬዝ ውስጥ ልግጠም ብትሉ ግን ትቸገራላችሁ። ቀስ በቀስ ለማሳደግ አስባችሁ እንዲህ ያለ ማሽን ከገዛችሁ ይህን አውቃችሁ ግቡ።

ከመግዛት በፊት ያለው ጊዜ

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ማሽን እንያዝ። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራው ዋናው ቺፕ፣ ኤኤምዲ የተባለው ድርጅት የሚሠራው ራይዘን 5 7600 ይሁን። ማዘርቦርዱ ቢ650 የሚባለው ዓይነት፣ ራሙ እያንዳንዱ 16 ጊጋባይት የሆነ ሁለት ዲዲአር5 (ከዲዲአር4 ቀጥሎ የመጣው የራም ትውልድ)፣ ማከማቻው ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ባለ 1 ቴራባይት ኤም ዶት 2 ኤስኤስዲ፣ ፓወር ሳፕላዩ 650 ዋት፣ ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣ አንድ መካከለኛ ግራፊክስ ካርድና አንድ ኬዝ። ይህን ፕሮሰሰር ለጀማሪ የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። ሙቀቱን የሚያወጣለት ባለ ፋን ማቀዝቀዣ ካርቶኑ ውስጥ አብሮት ይመጣል። ሁለተኛ፣ በውስጡ ትንሽ ግራፊክስ አለው። ግራፊክስ ካርድ ሳይገባበትም ስክሪን ላይ ምስል ያወጣል። ይህ በኋላ ሲፈተሽ ምን ያህል እንደሚጠቅም ታያላችሁ።

አሁን ማጣራቱ ይጀምራል። መጀመሪያ የፕሮሰሰሩ ሶኬት፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ራይዘን 7600 የሚገባው ኤኤም5 በሚባል ሶኬት ላይ ብቻ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ኤኤም4 ዛሬም ገበያ ላይ አለ፣ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ግን አይገባበትም። ሌላው ፕሮሰሰር ሠሪ ኢንቴል ዘንድም ያው ነው። 12ኛው፣ 13ኛውና 14ኛው ትውልድ ኤልጂኤ 1700 የሚባል ሶኬት ላይ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዴስክቶፕ ኮር አልትራ 200 ደግሞ ኤልጂኤ 1851 ይፈልጋል። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ቢላችሁ አትመኑ። የማዘርቦርዱን አምራች ድረ ገጽ ከፍታችሁ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር እዩ።

ቀጥሎ ራም። ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ነው። ዲዲአር4 ከታች በኩል የተቆረጠባት ቦታ ስለምትለይ የራሙ መሰኪያ ውስጥ አይገባም። ኤልጂኤ 1700 ላይ ነገሩ ይወሳሰባል፤ አንዳንዱ ማዘርቦርድ ዲዲአር4 ይቀበላል፣ አንዳንዱ ዲዲአር5። ስማቸው ተመሳሳይ ሆኖ በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለያዩ አሉ።

ከዚያ ባዮስ አለ። ብዙ ጀማሪ የሚያልፈው ይህን ነው። ባዮስ ማዘርቦርዱ ላይ ያለ፣ ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፕሮሰሰሩን የሚያውቀው እሱ ነው። ቢ650 ማዘርቦርዶች እ.ኤ.አ. በ2022 ነው መውጣት የጀመሩት። ከ7000ው ቀጥሎ የመጣው ትውልድ፣ ራይዘን 9000፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ቢ650 ላይ ራይዘን 9000 ብትገጥሙ ሶኬቱ ይስማማል፣ ማሽኑ ግን ላይነሳ ይችላል። መፍትሔው ባዮሱን ማደስ ነው። አንዳንድ ማዘርቦርድ ፕሮሰሰር ሳይኖርም በፍላሽ ባዮስ የሚያድስ ቁልፍ አለው። ስትገዙ ይህ ቁልፍ ያለውን ፈልጉ። እንደኛ አገር ዕቃ ሱቅ ውስጥ ብዙ በሚቆይበት ቦታ ዋጋ የሚያወጣ ነገር ነው።

የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ የስሙን መጨረሻ እዩ። በኤፍ ፊደል የሚያልቅ ከሆነ የውስጥ ግራፊክስ የለውም። ዋጋው ትንሽ ይቀንሳል። ግራፊክስ ካርድ ከሌላችሁ ግን ስክሪኑ ላይ ምንም አታዩም። ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ «ተበላሽቷል» ተብሎ የሚመለሰው አንዳንዴ እንዲህ ባለ ምክንያት ነው።

መጠንም ይለካል። ኤቲኤክስ ማዘርቦርድ 305 በ244 ሚሊሜትር ነው። ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ 170 በ170። ትንሹ ትልቁ ኬዝ ውስጥ ይገባል፣ ትልቁ ትንሹ ውስጥ አይገባም። የግራፊክስ ካርዱን ርዝመትና የማቀዝቀዣውን ቁመት ከኬዙ መግለጫ ጋር አስተያዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገጥም ሰው ሚኒ አይቲኤክስን አልመክርም። ቆንጆ ነው፣ ግን እጅ አያስገባም፤ የመግጠሚያውን ጊዜ በእጥፍ ሊያሳድገው ይችላል።

ይህን ሁሉ አንብቦ ለመወሰን ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ለሚሠራ ሰው አንድ ሁለት ሳምንት ብዙ አይደለም። ችኩሎች በአንድ ቅዳሜ ይወስናሉ። ብዙ ጊዜ የሚቆጩትም እነሱ ናቸው።

ዕቃው እስኪሰበሰብ

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሰው ሁሉንም አዝዞ በሳምንት ውስጥ ቤቱ ይደርስለታል። አዲስ አበባ ላይ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሱቆቻችን በዋናነት የሚሸጡት ላፕቶፕ ነው። ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር ተስማምተው የምታገኙበት ሱቅ ጥቂት ነው። ብሩ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዋጋው በየጊዜው ይለዋወጣል። ስለዚህ ብዙ ሰው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ያስመጣል።

በዘመድ ለሚያስመጣ ሰው የምሰጠው ምክር አለኝ። ውጭ ያሉ ሱቆች ብልሽት ያለበትን ዕቃ መልሰው የሚቀበሉት አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ወንድማችሁ በኅዳር ገዝቶ ለገና ይዞት ከመጣ ያ ጊዜ አልፎ ሊሆን ይችላል። ማዘርቦርዱ ሲገጠም የማይሠራ ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡ ቀለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃው ከመላኩ በፊት እዚያው ፕሮሰሰሩን፣ አንድ ራምና ፓወር ሳፕላዩን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ ምስል እንደሚያወጣ ይሞክርላችሁ። የሚችል ጓደኛ ካለው በአንድ ሰዓት ያልቃል። ኬዝ ግን ከውጭ አታስመጡ። ከባድ ነው፣ የሻንጣ ኪሎ ይበላል፣ መስታወቱም ይሰበራል። ኬዝ እዚሁ ፈልጉ።

ፓወር ሳፕላይ ከአሜሪካ ሲመጣ ሰዎች «110 ቮልት ነው፣ ይቃጠላል» ብለው ይፈራሉ። ዘመናዊና ደህና የሆነው ፓወር ሳፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ጎኑ ላይ ተጽፏል። መቀየር ያለበት ግድግዳ ላይ የሚሰካው ገመድ ብቻ ነው፤ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው ጫፍ በሁሉም አገር አንድ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ርካሽና የቆየ ፓወር ሳፕላይ ነው። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀየሪያ ካለው 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ አትሰኩት። 115 ላይ ሆኖ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል።

ብር መቆጠብ ካለባችሁ ከግራፊክስ ካርዱ ቆጥቡ፣ ከፓወር ሳፕላዩ አትቆጥቡ። የኮረንቲው መጠን ከፍ ዝቅ በሚልበት ከተማ ውስጥ ርካሹ ፓወር ሳፕላይ ሲሞት ብቻውን አይሞትም። ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ከበጀቱ ጋር ይታሰብ።

የመግጠሚያው ቀን

ቅዳሜን ምረጡ። ማታ ከሥራ መልስ አትጀምሩ። ጠዋት ጀምራችሁ ብርሃን ሳለ ብትሠሩ ትንንሾቹን ጽሑፎች ታነባላችሁ፣ ችግር ቢገጥማችሁም ሱቅ ክፍት ነው። ጠረጴዛውን አጽዱ። ብሎኖቹን በየዓይነታቸው በትንንሽ ሰሃን ለዩ። የማዘርቦርዱን መመሪያ መጽሐፍ ከመጀመራችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት አንብቡት። ይህ ግማሽ ሰዓት የግድ ነው።

ስታቲክ የሚባለው የሰውነት ኤሌክትሪክ ዕቃውን ሊያበላሽ ስለሚችል ብዙ ሰው ያስጨንቃል። በበጋ ደረቅ አየር ላይ የሱፍ ሹራብ ለብሳችሁ ምንጣፍ ላይ ከምትሠሩ ጥጥ ልበሱ። ዕቃ ከማንሳታችሁ በፊት የኬዙን ባዶ ብረት ንኩ። ለቤት ሥራ ይህ ይበቃል።

መጀመሪያ የሚገባው ፕሮሰሰሩ ነው። ማዘርቦርዱን በራሱ ካርቶን ላይ አስቀምጡት። ኤኤም5 ላይ ቀጫጭኖቹ የብረት እግሮች ያሉት ሶኬቱ ውስጥ ነው፤ 1,718 ናቸው። አንዷ ብትጣመም ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ይችላል። ሶኬቱን በጣት አትንኩ። ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሶኬቱ ላይ ካለችው ጋር አገናኙ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ አስቀምጡት። መጫን የለም። በራሱ ክብደት ነው የሚቀመጠው። ክዳኑን ዘግታችሁ ዘንጓን ስታወርዱ ግን ጉልበት ይጠይቃል፣ ሲጥጥ የሚል ድምፅም ትሰማላችሁ። ጀማሪ እዚህ ላይ ደንግጦ ያቆማል። ፕሮሰሰሩ በትክክል ከተቀመጠ ድምፁ የተለመደ ነው፤ ጨርሱት።

ራሙ ሁለት ከሆነ አብዛኛው ማዘርቦርድ ላይ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ ይገባል። ቀጭ እስኪል ጫኑት። ግማሽ የገባ ራም የጀማሪ ማሽን ከማይነሳባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ኤም ዶት 2 ኤስኤስዲው በሰያፍ ይገባል፣ ወደ ታች ተጭኖ በአንዲት ትንሽ ብሎን ይታሰራል። ይህ ሁሉ እስካሁን አንድ ሰዓት ቢወስድ ደህና ነው።

ማቀዝቀዣው ይከተላል። ከራይዘን 7600 ጋር የሚመጣው ከታቹ ሙቀት የሚያሻግር ግራጫ ቅባት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። አትንኩት፣ ሌላም አትጨምሩበት። ለብቻው የተገዛ ማቀዝቀዣ ከሆነ የአተር ፍሬ ታህል ቅባት ፕሮሰሰሩ መሀል ላይ ይበቃል። ከታቹ የተለጠፈች ላስቲክ ካለች ላጧት፤ ይህችን ረስቶ ማሽኑ በሙቀት የሚጠፋበት ሰው ብዙ ነው። ብሎኖቹን አንዱን እስከ መጨረሻው አስራችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። በሰያፍ እየተለዋወጣችሁ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። የፋኑን ገመድ «ሲፒዩ ፋን» የሚለው ላይ ሰኩ።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደምጠነክርበት ነጥብ ደርሰናል። ኬዝ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ማሽኑን ውጭ አስነሱት። ፓወር ሳፕላዩን ጎን ላይ አድርጋችሁ ሁለት ገመድ ብቻ አገናኙ፤ ትልቁን ባለ 24 እግርና ከላይ ጥግ ላይ የሚገባውን የፕሮሰሰሩን ባለ 8 እግር። ስክሪኑን ከማዘርቦርዱ ኤችዲኤምአይ (የስክሪን ገመድ መሰኪያ) ጋር አያይዙ። ማብሪያ ስለሌለ «ፓወር ስዊች» ተብለው መመሪያው ላይ የተመለከቱትን ሁለት እግሮች በካቻቪቴ ጫፍ ለአፍታ አነካኩ። ፋኑ ይዞራል። ይህ ሙከራ 20 ደቂቃ ይጨምርባችኋል። ችግር ካለ ግን አሁኑኑ፣ ዕቃው ሁሉ ዓይናችሁ ፊት ሳለ ታገኙታላችሁ። ኬዝ ውስጥ ከታሰረ በኋላ ያንኑ ችግር መፈለግ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል።

እዚህ ላይ ትዕግሥት የሚፈትን ነገር አለ። ኤኤም5 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ራሙን ይለማመዳል። ፍጥነቱንና ሲግናሉን እየሞከረ ያስተካክላል። በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ፋኑ ይዞራል፣ መብራት ይበራል፣ ምስል ግን የለም። ጥቂት ደቂቃ፣ አንዳንዴም 10 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይቆያል። ጀማሪ በሁለተኛው ደቂቃ «አቃጠልኩት» ብሎ ይነቅላል። መልሶ ሲሰካው ልምምዱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። እንዲህ እያደረገ ቀኑን ሙሉ የሚያጠፋ ሰው አለ። ሰክታችሁ ቁጭ በሉ። ሻይ አፍሉ። 15 ደቂቃ ሙሉ ጠብቁ። የባዮሱ ገጽ ሲመጣ 32 ጊጋባይት ራም፣ የፕሮሰሰሩ ስምና ኤስኤስዲው መታየታቸውን አረጋግጡ፣ ከዚያ አጥፉና ገመዱን ንቀሉ።

ወደ ኬዙ ስትገቡ መጀመሪያ ማዘርቦርዱ የሚቀመጥባቸውን የነሐስ እግሮች ቁጠሩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ቀዳዳ በሌለበት ቦታ እግር ካለ አውጡት፣ ብረቱ ከጀርባ ነክቶ ያበላሻል። የመሰኪያዎቹ ቀዳዳ ያሉበት የኋላው ቆርቆሮ ለብቻው ከመጣ እሱን አስቀድማችሁ ግጠሙ። የፕሮሰሰሩን ባለ 8 እግር ገመድም አስቀድማችሁ ከላይ በኩል አሳልፉት። በኋላ እጅ አይደርስም።

ገመዱ ከእጅ ሥራው ሁሉ ረጅሙ ነው። ለጀማሪ አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ አይገርምም። የሚያደክመው የፊት ለፊት ማብሪያውና የመብራቶቹ ጥቃቅን ገመዶች ናቸው። የማብሪያው ገመድ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሰካ ይሠራል፤ የመብራቶቹ ግን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አላቸው። የፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ ባለ 8 እግር ገመዶች ይመሳሰላሉ፣ አንድ ግን አይደሉም፤ ጫፋቸው ላይ ተጽፏል። ከሁሉም የከፋው ስህተት ከሌላ ፓወር ሳፕላይ የተረፈ ገመድ መጠቀም ነው። በካርዱ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ቢሆንም በፓወር ሳፕላዩ በኩል የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል ከአምራች አምራች ይለያያል። ቢገባላችሁም ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል።

ግራፊክስ ካርዱ በ10 ደቂቃ ይገባል። የኃይል ገመዱን እስከ መጨረሻው ግፉት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 የሚባል ግራፊክስ ካርድ ላይ ማገናኛው የቀለጠባቸው ሰዎች ነበሩ፤ የሠራው ድርጅት ኢንቪዲያ አንዱ የተለመደ ምክንያት ገመዱ ሙሉ በሙሉ አለመግባቱ ነው ብሏል። አሁን የስክሪኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቅላችሁ ካርዱ ላይ ሰኩ።

አልነሳ ካለ

ውጭ ላይ ከሞከራችሁ ችግሩ አዲስ በነካችሁት ነገር ላይ ነው። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ የፓወር ሳፕላዩን የኋላ ማብሪያ እዩ፣ ቀጥሎ የማብሪያውን ጥቃቅን ገመድ። ፋን ዞሮ ምስል ከሌለ የስክሪኑ ገመድ የት እንደተሰካ፣ የፕሮሰሰሩ ባለ 8 እግር መግባቱን፣ ራሙ ቀጭ ማለቱን በዚሁ ተራ እዩ። ብዙ ማዘርቦርዶች ጥግ ላይ አራት ትንንሽ መብራቶች አሏቸው፤ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስና ለማከማቻ። አንዷ በርታ ከቀረች የት መፈለግ እንዳለባችሁ ነገረቻችሁ። ካልሆነ አንድ ራም ብቻ አስቀርታችሁ ሞክሩ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ከወሰደ አቁሙና እረፉ። ደክሞት በጉልበት የሚጫን ሰው ነው ዕቃ የሚሰብረው።

ኬዙን ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ ገጥማችሁ ያበላሻችሁት ነገር ላይኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ግድግዳው ወይም ዲቫይደሩ የመሬት መስመር ስለሌለው ነው። ይህ የኮምፒውተር ጉዳይ አይደለም፤ ኤሌክትሪሽያን ጥሩ።

ዊንዶውስና የቀረው

8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ከመግጠሚያው ቀን በፊት አዘጋጁ። የዊንዶውስ 11 ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በእኛ ኢንተርኔት ሌሊቱን ሊያወርድ ይችላል። ፍላሹ ከተዘጋጀ መጫኑ ራሱ ኤም ዶት 2 ላይ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የሚያስቸግረው አንድ ቦታ አለ። ዊንዶውስ 11 ሲጫን ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ የማዘርቦርዱን ዋይፋይ ግን ገና ላያውቀው ይችላል። አንድሮይድ ስልካችሁን በገመድ አገናኝታችሁ ዳታውን አጋሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። ኡቡንቱን የመሰለ ሊነክስ ለሚጠቀም ሰው ይህ ችግር ያን ያህል የለም፤ ክፍያም የለውም።

ከዚያ የቺፕሴቱ (የማዘርቦርዱ መቆጣጠሪያ ቺፕ)፣ የዋይፋዩና የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ይገባል። የአማርኛ ኪቦርድ ዊንዶውስ ውስጥ ስላለ ከቋንቋ ማስተካከያው ጨምሩት። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኤክስፖ የሚለውን አብሩ፤ ሳይበራ ራሙ ከተገዛበት ፍጥነት በታች ነው የሚሠራው። ባዮስ የምታድሱ ከሆነ ግን መብራት የማይሄድበትን ሰዓት ምረጡ ወይም ዩፒኤስ ላይ አድርጉት። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል። ይህ ሁሉ ማስተካከያ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፣ የዊንዶውስ ማሻሻያ ሲወርድ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል።

በመጨረሻ ማሽኑን አንድ ሰዓት ያህል ከባድ ሥራ አሠሩት። ጌም ይሁን ቪዲዮ ማቀናበር፣ ሙቀቱን እያያችሁ። የራይዘን 7600 ጣሪያ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ ከተማ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለ ሰው ባወጣው የሙቀት ቁጥር ራሳችሁን አትለኩ። ከፊት ለፊት አንድ ፋን ጨምሩና ደግማችሁ እዩ። ጣሪያው ላይ እየደረሰ ፍጥነቱን የሚቀንስ ከሆነ ማቀዝቀዣው በደንብ አልተቀመጠ ይሆናል፤ ፈታችሁ ቅባቱን ጠርጋችሁ በአዲስ ቅባት መልሱት። ይህ 40 ደቂቃ ይፈጃል፣ ቅባቱን ግን ለብቻው መግዛት አለባችሁ።

ካርቶኖቹንና ደረሰኞቹን የመመለሻው ጊዜ እስኪያልፍ አትጣሉ። የፓወር ሳፕላዩን ትርፍ ገመዶች ግን ማሽኑ እስካለ ድረስ ስሙን ጽፋችሁበት በአንድ ፌስታል አስቀምጡ፤ ነገ ሃርድ ዲስክ ስትጨምሩ የምትጠቀሙት እነሱን ብቻ ነው።